ጋንቾው በመጨረሻ ይምጣ

ከሲኤምሲ ተነስቶ በአያት አደባባይ በኩል ወደ ጣፎ ወይም ወደ ቦሌ አራብሳ በማለዳ የሚወጣ ሰው አንድ የለመደው ትዕይንት አለ። ቀለሙ የደበዘዘ ሃይሉክስ ፒክአፕ፣ ከኋላው የተንጠለጠለ የኮንክሪት ሚክሰር፣ የጭነት ሣጥኑ ላይ አካፋ፣ ባልዲና የቀን ሠራተኞች። አንዳንዱ ጄኔሬተር ይጎትታል፤ አንዳንዱ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ላይ የውሃ ሮቶ ጭኖ ያዘግማል። አያት ግንባታ ቆሞ የማያውቅበት፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ነው። ስለዚህ የሚጎተት ነገር አይጠፋም። ጎታቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለመጎተት ያልተዘጋጀ፣ ከኋላው አንድ ብረት ብቻ የተበየደለት አሮጌ መኪና ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንን መኪና በግቢያቸው ለመጎተት ሥራ ማዘጋጀት ለሚፈልጉ ሰዎች የተጻፈ ነው። አሮጌ ፒክአፕ የሚናቅ ነገር አይደለም። በሚገባ ከተያዘ ከብዙ አዲስ መኪና የበለጠ ያገለግላል።

የቶዮታ ሃይሉክስ የመጀመሪያው ሞዴል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በኢትዮጵያ የቶዮታ ወኪል የሆነው ሞኤንኮ የተቋቋመው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ዳርቻ በሥራ ላይ ከምናያቸው አሮጌ ፒክአፖች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 የተመረተው አምስተኛው ትውልድ ናቸው። መካኒኮች በሻንሲ ኮዱ «ኤልኤን 106» የሚሉት ዓይነት ከዚህ ትውልድ ነው። 2,779 ሲሲ የሆነ፣ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር አለው፤ የፊት እግሩም እንደ ኋላው በባሌስትራ ላይ የቆመ ነው። መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች ገጠር ለገጠር ሲነዷቸው ኖረው በጨረታ ወደ ግለሰብ እጅ የገቡ ብዙ ናቸው። ባለቤቶቻቸው አጥብቀው የያዟቸውም ያለምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ያለውን መጠገንና ለሌላ ሥራ ማዘጋጀት የብዙ ቤተሰብ ብቸኛ መንገድ ሆኗል።

ባለቤቱ መካኒኩን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይጎትታል ወይ?» ብሎ ነው። መልሱ ሁልጊዜ «ኧረ ይጎትታል ጋሼ፣ ይሄማ ሃይሉክስ ነው!» ይሆናል። እውነት ነው፣ ይጎትታል። ነገር ግን መጎተት ቀላሉ ሥራ ነው። አንደኛ ማርሽ ሁለት ቶን ያንቀሳቅሳል። መጠየቅ ያለበት «ያንን ሁሉ ክብደት ማቆም ይችላል ወይ?» ተብሎ ነው። በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ነገር የሚይዘው ጉልበት ከክብደቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሳቢ በ40 ከሚሄደው ከሁለት እጥፍ በላይ ጉልበት ይዟል፤ ያን ሁሉ ጉልበት ወደ ሙቀት ቀይረው መጨረስ ያለባቸው የፒክአፑ የፍሬን ሸራዎች ናቸው።

ክብደቱን በግምት መወሰን አይሆንም። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው፤ የሮቶው፣ የተሳቢው ብረትና የጎማዎቹ ክብደት ለብቻው ይደመራል። ሃያ ከረጢት ሲሚንቶም አንድ ቶን ነው። የአሸዋ አንድ ሜትር ኩብ አንድ ቶን ተኩል ያልፋል። በአውሮፓና በሌሎች ብዙ አገሮች የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህ ቁጥር ለእኛም ጥሩ ልክ ነው፤ እንዲያውም ቁልቁለትና ዳገት በሚበዛበት አገር ከዚያም ዝቅ ቢል ይመረጣል። ከዚያ በላይ ለመጎተት ያሰበ ሰው ተሳቢው ራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። ቀላሉ ዓይነት ፒክአፑ ሲያዘግም ተሳቢው ወደፊት የሚገፋበትን ግፊት ራሱን ተጠቅሞ የተሳቢውን ፍሬን የሚያሲዘው ነው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ከፒክአፑ የዘይት መስመርም ጋር አይገናኝም።

እንግዲህ ሥራው ከፍሬን ይጀምር። እዚህ ላይ አዲስ አበባ ከሌላ ቦታ የምትለይበት፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርን ባለፈ ከፍታ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሞተሩ በዚህ ምክንያት ጉልበት እንደሚያጣ ሾፌር ሁሉ ያውቃል፤ ተርቦ የሌለው ናፍጣ በጣም ይሰማዋል። ያልተነገረው ግን ፍሬኑም አብሮ መድከሙ ነው። እግራችንን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በአንድ በኩል አየር ተመጥጦ ሲወጣለት፣ በሌላ በኩል የውጭው አየር ሲገፋው ነው። የውጭው አየር ግፊት ሲያንስ እገዛውም ያንሳል፤ እስከ ሩብ ያህል ሊቀንስ ይችላል። በዚያ ላይ በእነዚህ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች አየሩን የሚመጥጠው ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ነው። ፓምፑ ሲያረጅ ወይም ዘይት ማፍሰስ ሲጀምር ዲናሞው ባትሪውን መሙላቱን ስለሚቀጥል ማንም አይጠረጥረውም። ፔዳሉ ግን ቀስ በቀስ ይከብዳል። ባለቤቱም ይለምደዋል።

ምርመራው በቤት ይደረጋል። ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ፤ እየጠነከረ ይመጣል። ከዚያ ፔዳሉን እንደረገጡ ሞተሩን ማስነሳት። ፔዳሉ ከእግር ሥር ትንሽ ወረድ ካለ ሰርቮው ይሠራል፤ ንቅንቅ ካላለ ሰርቮው፣ ፓምፑ ወይም የሚያገናኛቸው ጎማ ችግር አለበት። ይህ ሳይስተካከል ተሳቢ ስለሚያያዝበት ጋንቾ ማሰብ አይገባም።

የፍሬን ዘይትም አለ። ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሲያረጅ የመፍያ ሙቀቱ ይወርዳል። አዲስ «ዶት 3» ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት የጠጣው ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ተሳቢ ይዞ ፍሬን ሲረገጥ ያ ሙቀት ሩቅ አይደለም፤ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። በደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በርን ወደ ደብረ ሲና ለሚወርድ ሰው ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ አፍስሶ መቀየር፣ የኋላውን ታምቡር ከፍቶ ሸራውን ማየት፣ የደነደኑትን የጎማ ቱቦዎች መተካት ብዙ ወጪ የለውም።

ቀጥሎ ባሌስትራ። አሮጌ ፒክአፕ ከኋላ መጎንበስ ይወዳል፤ ጋንቾው ላይ ክብደት ሲጨመርማ አፍንጫው ሰማይ ያያል። የፊት መብራቱ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፣ መሪውም ቀለል ይላል። የተለመደው መፍትሔ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል መጨመር ነው። አንድ ቅጠል ጥሩ ነው። ሁለት ሦስት ሲሆን ባዶውን ሲሄድ ይነጥራል፤ ኮብልስቶን ላይ ሻንሲውንም የተሳፋሪውንም ወገብ ይጎዳል። ቅጠል መጨመር መኪናው እንዲሸከም የተፈቀደለትን ክብደት እንደማይጨምር ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። አክስሉ፣ ኩሽኔታውና ፍሬኑ የድሮዎቹ ናቸው።

አሁን ወደ አንዲት ትንሽ ዕቃ እንምጣ። ከፒክአፑ ሥር ገብቶ ወደ ኋላው አክስል የተመለከተ ሰው ሻንሲው ላይ የታሰረች፣ የፍሬን ቱቦዎች የሚገቡባትና የሚወጡባት ቫልቭ ያገኛል። ከእሷ አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ወጥቶ ከአክስሉ ጋር ይያያዛል። ብዙ ጊዜ በጭቃ ስለምትሸፈን አትታይም። ሥራዋ ጭነትን መለካት ነው። መኪናው ሲጫንና ጀርባው ሲወርድ ዘንጉ ይንቀሳቀሳል፤ ቫልቯም «ተጭኗል» ብላ ለኋላ ፍሬኖች ተጨማሪ ግፊት ትለቃለች። ባዶ ሲሆን ግፊቱን ትቀንሳለች፤ አለዚያ ቀላል የሆነው ጀርባ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል። በጣም ያማረ ብልሃት ነው፤ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ።

ባሌስትራ ሲጨመር ጀርባው ከፍ ይላል። ቫልቯ የምታየው ከፍታውን ብቻ ስለሆነ መኪናው ባዶ ይመስላታል። አንድ ቶን እየጎተተ እንኳ ለኋላ ፍሬን የምትልከው የባዶ መኪና ግፊት ይሆናል። ሥራው ሁሉ በፊት ዲስኮች ላይ ይወድቃል፤ ይግላሉ፣ ይጣመማሉ፣ ሸራቸው ቶሎ ያልቃል። ባለቤቱ የፊት ሸራ ደጋግሞ እየቀየረ «ኮፒ ዕቃ ነው» ብሎ ያማርራል። መፍትሔው ባሌስትራው የጨመረውን ከፍታ ለክቶ የዘንጉን ማሰሪያ በዚያው ልክ ማስተካከል፣ ማስተካከያ ብሎኑን እንደ መመሪያ መጽሐፉ ማሰር፣ ከተቻለም በግፊት መለኪያ ማረጋገጥ ነው። አንዳንድ ጋራዥ ዘንጉን በሽቦ አስሮ ወይም ቫልቯን ጨርሶ አውጥቶ ይመልሳል። ይህ አደገኛ ነው። በዝናብ ቀን ባዶውን የሚሄድ ፒክአፕ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ጀርባው ቀድሞት ይዞራል።

ሌላው የአዲስ አበባ ከፍታ የሚያስከትለው ጣጣ ሙቀት ነው። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር ሲሠራ ከዚህ ብዙም የማይርቅ ሙቀት ላይ ነው የሚውለው። ራዲያተሩ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ስለሚያደርገው ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ጎማው የተቀደደ የራዲያተር ክዳን ከሌላ አገር ይልቅ ቶሎ ያጋልጣል። በጣም ርካሽ ከሆኑት ዕቃዎች አንዱ እርሱ ነውና ሳያመነቱ መቀየር ነው። ራዲያተሩን አውርዶ ማሳጠብ፣ የፋኑን ቺንጋ መወጠር፣ በቧንቧ ውሃ ፋንታ ኩላንት መጠቀም ተከታዮቹ ሥራዎች ናቸው። የፈላን ሞተር «ተርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው» ብሎ ማዳን ልማድ ሆኗል። ይህ ምክር ልክ አይደለም። ተርሞስታት የሌለው ሞተር ሜዳ ላይ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። እውነተኛው ምክንያትም ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ተሳቢ ይዞ ዳገት ሲወጣ ግን ይገለጣል። ያን ጊዜ ቴስታታ ይሰነጠቃል፤ የእነዚህ ሞተሮች የታወቀ ድክመትም ይኸው ነው።

ፍሪሲዮንና ጎማ በአጭሩ። ፍሪሲዮን የሚያልቀው ዳገት ላይ ሲነሱ ነው፤ ነዳጅ ሰጥቶ፣ ፔዳሉን በግማሽ ይዞ መኪናውን ማቆየት በአንድ ቀን ሊያቃጥለው ይችላል። ጎማው ለጭነት መኪና የተሠራ መሆኑን ጎኑ ላይ ካለው የክብደት ቁጥር ማረጋገጥ ይገባል። ለቁመና ተብሎ ትልቅ ጎማ መግጠም ግን ለጎታች መኪና አይሆንም፤ ማርሹን ያረዝመዋል፣ ሞተሩ ያጣውን ጉልበት የበለጠ ይቀንስበታል፣ ፍሬኑንም ያከብደዋል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ጋንቾው ይምጣ። ፓራውልት ላይ የተበየደ ጋንቾ ጋንቾ አይባልም፤ ፓራውልት ቀጭን ላሜራ እንጂ ክብደት የሚስብ ብረት አይደለም። ኃይሉ ወደ ሁለቱም የሻንሲ ጎኖች መድረስ አለበት። ትክክለኛው አሠራር ከግራና ከቀኝ ሻንሲ ጋር በወፍራም ላሜራና በብሎን የሚታሰር፣ መሐሉን አንድ ተሻጋሪ ብረት የሚያገናኘው ነው። ብሎኖቹ ራሳቸው ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ምልክት ይኑራቸው፤ ምልክት የሌለው ብሎን ለአጥር በር ነው የሚሆነው። ሻንሲውን ተሻግሮ መበየድ ብረቱን በሙቀት ያደክመዋል፤ ስንጥቁም የሚጀምረው ከብየዳው ዳር ነው። የሚበሳ ከሆነ የሻንሲው ቋሚ ጎን ላይ ይበሳ፤ የላይኛውና የታችኛው ገጽ አይነካ። መርካቶ ሱማሌ ተራ ያገለገለ፣ ፋብሪካ የሠራው ጋንቾ የሚያገኝ ሰው ይግዛው። ከምናለሽ ተራ ብረት አምጥቶ የሚያሠራም ችግር የለበትም፤ በያጁ የዕቃው ውፍረትና ጥራት ላይ ካልተደራደረ።

የጋንቾው ኳስ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። የአውሮፓው መለኪያ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአሜሪካው ሁለት ኢንች ማለትም 50.8 ነው። በዓይን አይለይም። ለአሜሪካው የተሠራ መያዣ በ50ው ኳስ ላይ ይገባል፤ ግን ይላላል፣ ጉድጓድ ሲመታም ሊነቀል ይችላል። በካሊፐር መለካት ብቻ ነው መፍትሔው። ሚክሰሮች ብዙ ጊዜ ቀለበት ያለው ምላስ ስላላቸው በፒን ይያዛሉ፤ ፒኑ ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚይዘው ሽቦ ሳይሆን ትክክለኛ መቆለፊያ ይሁን። በማንኛውም ዓይነት ሁለት የደኅንነት ሰንሰለት ከምላሱ ሥር ተሻግረው መታሰር አለባቸው። ጋንቾው ቢለቅ ምላሱን አስፋልት ሳይነካ የሚይዙት እነሱ ናቸው።

መብራቱ ሰባት እግር ባለው ሶኬት ይሠራል። ቢጫ የግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴ የቀኝ፣ ቀይ ስቶፕ፣ ነጭ መሬት። ዋናው ጥንቃቄ ለተሳቢው የራሱን ፊውዝና የራሱን የመሬት ሽቦ መስጠት ነው። በጋንቾው ብረት በኩል መሬት አገኛለሁ ማለት ዝገቱ እስኪመጣ ነው። ፍሬቻ ሲሰጡ ስቶፑ አብሮ የሚበራበት ተሳቢ ካዩ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የመሬት ሽቦ ነው።

በግቢ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ቦታውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአያት የውስጥ መንገዶች ኮብልስቶን ናቸው፤ ግቢዎቹም ብዙዎቹ ተዳፋት ናቸው። ክሪክ ያነሳል እንጂ አይዝም። ሥሩ ወፍራም ጣውላ ይደረግ፣ መኪናው በጠንካራ ካቫሌቶ ላይ ይቀመጥ፣ ጎማዎቹ በታኮ ይያዙ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ሥር ይገባ። መበየድ ካለበት መጀመሪያ ባትሪውን መፍታት፣ የነዳጅ ታንከሩ የት እንዳለ ማየት። ዘይት መቀየር፣ ማጠብ፣ ቺንጋ መወጠር፣ ሽቦ መዘርጋት የቤት ሥራ ነው። የሰርቮ፣ የቫልቯና የሻንሲ ሥራ ግን ለሚያውቅ ባለሙያ ይሰጥ።

ሕጉን በሚመለከት፣ ተሽከርካሪ ተለይቶ የሚመረመርበትና የሚመዘገብበት አዋጅ ቁጥር 681 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ተሳቢ የራሱ ሰሌዳ ይኖረዋል፤ መንጃ ፈቃድም በዓይነት የተከፋፈለ ነው። መኪናው ላይ ስለተደረገው ለውጥ ለዓመታዊ ምርመራ ከመቅረቡ በፊት መዝጋቢውን መሥሪያ ቤት፣ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ኢንሹራንሱን መጠየቅ ያስፈልጋል። አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ መልሱ ጥሩ አይሆንም።

ሲጫን ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛው ያህል ምላሱ ላይ ይረፍ። ለአንድ ቶን ተሳቢ 100 ኪሎ ማለት ነው። የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ምላሱን አሳርፎ ማየት ይቻላል። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ምላሱ ይቀላል፣ ፍጥነት ሲጨመር ተሳቢው ግራና ቀኝ መወናጨፍ ይጀምራል። ያን ጊዜ መሪ መታገልና ፍሬን መርገጥ ያባብሰዋል፤ እግርን ከነዳጅ አንስቶ ራሱ እስኪረጋ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ውሃ የሚጎትት ሰው ሮቶውን ወይ ሙሉ ያድርገው ወይ ባዶ፤ ግማሽ የሆነ ውሃ በየማዞሪያው ወዲያና ወዲህ እየተንቦጫረቀ መኪናውን ይገፋዋል። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ማስገባት፣ ሞተሩ እንዲይዝ መተው። ፍሬን በጥቂቱ ተይዞ በጥቂቱ ይለቀቅ፤ ቁልቁለቱን ሙሉ ረግጦ መውረድ ማቃጠል ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልማጸን። አሮጌ ፒክአፓችሁን ለመጎተት ሥራ ስታስቡ መጀመሪያ የምታወጡት ገንዘብ ለሰርቮው፣ ለፍሬን ዘይቱና ለራዲያተሩ ክዳን ይሁን። ተሳቢያችሁ ፍሬን ከሌለውና ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም ካለፈ ለዚያ ቀን አንድ አይሱዙ ተከራዩ። ሚክሰሩ ላይ ሰው አታሳፍሩ፤ በተሳቢ ምላስ ላይም ማንም አይቁም። በዚያ በአያት መንገድ ዳር በየማለዳው ቦርሳቸውን አዝለው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አሉ።